የቁርስ ታኮ አልሆን ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሥጋ የሌለበት የቁርስ ታኮ ጠዋት ለሚቸኩል ሰው በጣም ይመቻል። ትኩስ ቶርቲያ (ቀጭን የሜክሲኮ ቂጣ)፣ እንቁላል፣ ድንች ወይም ቦሎቄ፣ ትንሽ ቺዝ፣ ከላይ ሳልሳ (የቲማቲምና የቃሪያ ማባያ)፣ ታጥፎ በእጅ የሚበላ። በቃ። ድንቹ ወይም ቦሎቄው ማታ ከተዘጋጀ ጠዋት ከ15 ደቂቃ አያልፍም። ቴክሳስ ውስጥ፣ በተለይ ሳን አንቶኒዮና ኦስቲን፣ ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ በፎይል ተጠቅልሎ ይዞት የሚወጣው ቁርስ ይሄ ነው። «የኛ ነው»፣ «የለም የኛ ነው» የሚለው ክርክርም እዚያ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለቱ ከተሞች ከንቲባዎች በዚሁ ጉዳይ እስከ መገናኘት ደርሰዋል። ሥሩ ግን ከሁለቱም ከተሞች አልፎ ይሄዳል። የስንዴ ቶርቲያ ከሰሜን ሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ድንች በእንቁላል፣ ቦሎቄ በቺዝ የሚባሉትም በሜክሲኮ ቤተሰቦች ኩሽና የኖሩ ናቸው።

ታዲያ እቤት ሲሠራ ለምን እንደዚያ አይሆንም? ብዙውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ እርጥበቱ ያለቦታው ገብቶ ነው። ሙቅና እርጥብ መሆን ያለበት ቶርቲያው ነበር፣ እሱ ደርቋል። ደረቅ ማለት ያለበት ውስጡ የሚገባው ነበር፣ እሱ ረጥቧል። እኛ ደግሞ እንቁላል ፍርፍር ስለምናውቅ እጃችን ወደዚያ ይሄዳል፤ ሽንኩርቱን አቁላልተን፣ ቲማቲሙን ጨምረን፣ ቃሪያውን ጣል አድርገን፣ በዳቦ እንዲጠረግ ትንሽ ለቀቅ እናደርገዋለን። ዳቦ ይጠጣዋል። እንጀራም ዓይን ስላለው ይይዘዋል። ቶርቲያ ግን ቀጭንና ድፍን ስለሆነ አይጠጣም፤ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ መረቁ በእጃችሁ ላይ ይወርዳል። ይሄን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው።

ቶርቲያው ሲታጠፍ ከመሃል ይሰነጠቃል

ይሄ በተለይ የበቆሎ ቶርቲያ ላይ የሚመጣ ነው። ከፓኬቱ አውጥታችሁ፣ እሳት ነካ ብቻ አድርጋችሁ ስታጥፉት በእጥፋቱ መስመር ቀጥ ብሎ ለሁለት ይከፈላል።

ምክንያቱ ስታርቹ ነው። የተጋገረ ነገር ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ተመልሶ ይጠነክራል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይብስበታል። እንደገና ሲሞቅና እርጥበት ሲያገኝ ይላላል። ስለዚህ ቶርቲያ የሚሞቀው ለጣዕም ብቻ አይደለም። እንዲታጠፍ የሚያደርገውም ሙቀቱ ነው።

እንዲህ አድርጉ። መጥበሻው ዘይት ሳይነካው ከመካከለኛ በለጥ ባለ እሳት በደንብ ይጋል። የውሃ ጠብታ ስትጥሉበት ጭስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ደርሷል። እጃችሁን ውሃ ነክራችሁ የቶርቲያውን ሁለቱን ፊት ዳበስ አድርጉና ጣሉት። በአንዱ በኩል 30 ሰከንድ፣ በሌላው 30 ሰከንድ። እዚህም እዚያም ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ይነሳ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው፤ ሳህን ላይ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት። ንጹህ ፎጣ ዘርጉ፣ መሃሉ ላይ አስቀምጡት፣ የሚቀጥለውን በላዩ ደርቡ፣ ፎጣውን እጠፉበት። የወጣው እንፋሎት የትም ስለማይሄድ ተመልሶ ይገባበታል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ስትገልጡት ጠርዙ ሳይቀር እንደ ጨርቅ ይላላል፣ ጠቅልላችሁ ብትይዙትም አይከፈልም።

የስንዴው ቶርቲያ ሌላ ጠባይ አለው። ስብ ስላለበት ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ችግሩ መድረቅ ነው። ከመጥበሻ ስታነሱት ደህና የነበረው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይገተራል። ይሄ የሚሆነው እሳቱ አነስተኛ ሆኖ ብዙ ሲቆይ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ተንኖ ያልቃል። መፍትሄው ተቃራኒው ነው። እሳቱን ጨምሩ፣ ጊዜውን ቀንሱ። ለእያንዳንዱ ፊት ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃል። አየር ይዞ እዚህም እዚያም ሲነፋ ገልብጡት፣ ሁለተኛው ፊት ሲነፋ አውጡት። ከዚያ ወደ ፎጣው።

ማይክሮዌቭ ብቻ ያለው ሰው አራት ቶርቲያ በእርጥብ የወረቀት ፎጣ ጠቅልሎ 30 ሰከንድ ያሙቅ። ይለሰልሳል፣ ግን ያ የተለበለበ መዓዛ የለውም፣ ቶሎም ይጠነክራልና ወዲያው ይበላ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተሰነጠቀ ቶርቲያው አርጅቷል ማለት ነው። ሁለቱን ደርባችሁ ተጠቀሙ፤ ሜክሲኮ መንገድ ላይ የሚሸጠው ታኮ ብዙ ጊዜ በሁለት ቀጫጭን የበቆሎ ቶርቲያ ነው የሚቀርበው፣ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይይዘዋል። ከዚያም በላይ ያረጀ ከሆነ ከመታጠፍ ይረፍ። ቆራርጣችሁ በዘይት ጥብስ አድርጉትና እንቁላል አፍስሱበት። ቴክሳሶች ሚጋስ ይሉታል፣ የደረቀ እንጀራ ፍርፍር ለሚሠራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለት ጊዜ ሳይጎረስ ከሥር ይፈሳል

መጀመሪያ የሚፈሰውን ቀለሙን እዩት። ቀላ ካለ ቲማቲሙ ወይም ሳልሳው ነው። ነጣ ብሎ ቢጫ ነገር ከሆነ እንቁላሉ ውሃ አውጥቷል፣ እሱን ከታች እመጣበታለሁ። አረንጓዴ ከሆነ ቆስጣ ወይም ስፒናች፣ ጠቆር ካለ እንጉዳይ ነው። ብርቱካናማ ሆኖ ጣት ላይ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ውሃ አይደለም፣ የቺዝ ዘይት ነው፤ ቺዙን ቀንሱ።

ቲማቲሙን ለሁለት ክፈሉና ፍሬውንና ውሃውን በማንኪያ አውጡት። ቀሪውን ብቻ ክተፉ። ሽንኩርቱና ቃሪያው መጥበሻ ላይ ለስለስ ሲሉ ቲማቲሙን ጨምሩ፣ ውሃው ጠፍቶ የዘይቱ ድምፅ ተመልሶ እስኪሰማ ጠብቁ። ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል፤ ውሃ ሲኖር ይንፈቀፈቃል፣ ሲያልቅ ይንጫጫል። ያኔ ነው እንቁላል የሚገባው። ሜክሲኮዎችም ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚገባበት የእንቁላል አሠራር አላቸው፣ ሦስቱ ቀለሞች ከባንዲራቸው ጋር ስለሚገጥሙ «የሜክሲኮ እንቁላል» ይሉታል፤ ከኛ ፍርፍር ጋር በጣም ይቀራረባል። ለታኮ ሲሆን ግን ደረቅ ማለት አለበት።

ቆስጣውን ሁለት ደቂቃ ብቻ መጥበሻ ላይ አጠውልጉትና አውጥታችሁ በማንኪያ ጀርባ ወንፊት ላይ ጭመቁት። አንድ ትልቅ እስር አንድ ጭብጥ ነው የሚሆነው፣ የቀረው ውሃ ነበር። እንጉዳይ ሲሆን መጥበሻው ይጋል፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይከመር፣ መጀመሪያ ጨው አይግባበት። ውሃውን አውጥቶ ያ ውሃ ራሱ እስኪተን ጠብቁ፣ ቡናማ ሲሆን ጨው ጨምሩ።

ሳልሳ እቤት ከሠራችሁ፣ ጨው ከገባበት ከ10 ደቂቃ በኋላ ውሃው ከሥር ይጠራቀማል። ወንፊት ላይ አጠንፍፉት። የወረደውን ውሃ አትድፉት፣ ቦሎቄ ሲደርቅባችሁ ያስፈልጋችኋል፣ ጣዕም አለው። ሳልሳ ታኮው ላይ የሚደረገው ሊበላ ሲል ብቻ ነው። ቀብታችሁ ጠቅልላችሁ ቢሮ ከወሰዳችሁት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቶርቲያው ሊጥ ይሆናል። በትንሽ ዕቃ ለብቻው ያዙት።

ሌላው መጠኑ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ቶርቲያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይይዛል። ከዚያ ካለፈ አይገጥምም፣ የማይገጥም ደግሞ ይፈሳል። እንግዳ ማጥገብ ለለመደ እጅ ይሄ ይከብደዋል፤ ግን ሁለት የተመጠነ ታኮ ከአንድ ከተጨናነቀ ይሻላል። ቅደም ተከተሉም ሥራ አለው፤ ቶርቲያው ላይ መጀመሪያ ቺዝ ወይም ስስ የቦሎቄ ቅብ፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ድንች፣ መጨረሻ ላይ ሳልሳ። ሥር ያለው ቺዝ ወይም ቦሎቄ ፈሳሹ ወደ ቶርቲያው እንዳይደርስ ይከለክላል።

እንቁላሉ ጎማ ይሆናል፣ ሳህኑ ላይ ደግሞ ውሃ ያወጣል

ሁለቱ የተለያየ ችግር ይመስላሉ። አይደሉም። እንቁላል ሲበስል ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ይያያዝና ውሃውን በመሃሉ ይይዛል። እሳት ሲበዛበት ግን ይጨማደዳል፣ የያዘውንም ውሃ ጨምቆ ያወጣዋል። ስለዚህ የደረቀው እንቁላልና ሳህኑ ላይ የተኛው ውሃ ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው፤ በጣም ብዙ እሳት ወይም በጣም ብዙ ጊዜ።

ለአራት ታኮ አራት እንቁላል በቂ ነው። ቆንጠር ያለ ጨው ጨምሩና ነጩ ክር እየሠራ እንዳይታይ አድርጋችሁ ምቱት። ወተት አትጨምሩ። ወተት በአብዛኛው ውሃ ነው፣ እዚህ ደግሞ የምንሸሸው ውሃን ነው። መጥበሻው ላይ ትንሽ ቅቤ አቅልጡ፣ እሳቱ ከመካከለኛ ዝቅ ይበል፣ እንቁላሉን አፍስሱና ከጠርዝ ወደ መሃል በቀስታ ሰብስቡት። ዋናው ነገር መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ነው። ገና ሲያብረቀርቅ፣ ነገር ግን መጥበሻው ላይ የሚፈስ ነገር ሳይኖር አውርዱት። በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ መጥበሻ ላይ እያለ ልክ የመጣ የሚመስል እንቁላል ቶርቲያ ውስጥ ሲደርስ አልፎበታል። ለትንሽ ልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ስትሠሩ ግን ማብረቅረቁም ይቅር፣ እስኪጠነክር አብስሉት፤ እንቁላል ባለበት ምግብ መድረስ ያለበት ሙቀት 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

እንቁላሉ ወደ አረንጓዴ ግራጫ ከሄደ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይደፋዋል። አልተበላሸም። ምድጃ ላይ ሲቆይ የአስኳሉ ብረትና የነጩ ሰልፈር ተገናኝተው ያመጡት ቀለም ነው፣ ጉዳት የለውም። የሚጠቁማችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቁላሉ ቀድሞ ተሠርቶ ሌላው እስኪደርስ ብዙ ጠብቋል። እንቁላል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሠራ። ቶርቲያው ፎጣ ውስጥ፣ ድንቹ ደርሶ፣ ቺዙ ተፍቆ፣ ከዚያ እንቁላል።

ድንቹ ውጪው አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ነው

ምክንያቱ ወይ አቆራረጡ ነው ወይ ችኮላው። ለቁርስ ታኮ ድንች ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ሁሉም እኩል የሆነ ኩብ መሆን አለበት። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሲሆን ትንሹ ሲያር ትልቁ ገና ይንገጫገጫል።

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ማታ ነው፤ የተቆረጠውን ድንች ጨው ባለው ውሃ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ቀቅሉ፣ ቢላ ሲገባበት ትንሽ እምቢ ሲል አውጡ፣ አጠንፍፉ፣ ሲበርድ ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ሳትገጥሙ አሳድሩት። ጠዋት ፊቱ ስለደረቀ በ6 ወይም 7 ደቂቃ ወርቃማ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ማታ ላልተዘጋጀ ሰው ነው፤ ጥሬውን ድንች በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃችሁ በፎጣ አድርቁ፣ ዘይት ባለው መጥበሻ ላይ አንድ ንጣፍ ብቻ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ክዳን ግጠሙና 5 ደቂቃ ተዉት። እንፋሎቱ ውስጡን ያበስለዋል። ከዚያ ክዳኑን አንስታችሁ እሳቱን ጨምሩና ፊቱን ጥበሱት።

ድንቹ መጥበሻው ላይ ከያዘ አትጫሩት። የላዩ ስታርች ስላልታጠበ ወይም መጥበሻው ሳይግል ስለገባ ነው የሚይዘው፣ አሁን ግን ማድረግ ያለባችሁ መጠበቅ ነው፤ ፊቱ ተጠብሶ ቅርፊት ሲሠራ በአብዛኛው ራሱ ይለቃል። ለስለስ ብሎ ሳይጠበስ ከቀረ ደግሞ መጥበሻው ተጨናንቋል። ድንቹ በመጠበስ ፈንታ እየተቀቀለ ነው፣ ለሁለት ጊዜ ክፈሉት።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ውስጡ ሳይበስል ላዩ በፍጥነት የሚጠቁር ድንች አንዳንድ ጊዜ ጥሬውን ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ነው። ጥሬ ድንች ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳር ደግሞ ቶሎ ያራል። ጥሬ ድንች ቀዝቀዝና ጨለም ባለ ቁም ሳጥን ይቀመጥ።

ቦሎቄው አንዴ ውሃ፣ አንዴ ጭቃ

በጣሳ የሚሸጠው ቦሎቄ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ለጠዋት በጣም ይመቻል። አንድ ጣሳ፣ 425 ግራም አካባቢ፣ ለስድስት ታኮ ይሆናል። አጠንፍፉና አለቅልቁት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን። ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆን ቦሎቄውን ጨምሩና በሹካ ወይም በድንች መጨፍለቂያ ጨፍልቁት፣ ሁሉንም ሳይሆን ሁለት ሦስተኛውን ያህል። ውሃ የሚጨመረው በማንኪያ ነው። ልኩ የሚታወቀው ማንኪያ ሲሄድበት የመጥበሻው ወለል ለአፍታ ታይቶ መልሶ ሲሸፈን ነው። ሲበርድ ስለሚጠነክር ትንሽ ለቀቅ እንዳለ አውርዱት። ምድጃ ላይ ልክ የሆነ ቦሎቄ ቶርቲያ ላይ ሲደርስ አይቀባም፣ ይቆራረሳል።

ደረቁን ገዝታችሁ የምትቀቅሉ ከሆነና አልበስል ካለ፣ አንዱ ምክንያት ማርጀቱ ነው፤ ዓመት ያለፈው ቦሎቄ ብትቀቅሉት ብትቀቅሉት ቆዳው አይላላም። ሌላው ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ መግባቱ ነው። አሲድ የቦሎቄን መለስለስ ያዘገያል፣ ስለዚህ ሁለቱም የሚገቡት ከበሰለ በኋላ ነው። አንድ ነገር ግን በጣም አደራ እላለሁ። ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ሆድ የሚያናውጥ መርዛማ ነገር አለው። ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ ይቀቀል። በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ብቻ ጥሬውን አትቀቅሉት፣ ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት ላይበቃ ይችላል።

ቺዙ አልቀለጠም

ተፍቆ በከረጢት የሚሸጠው ቺዝ እንዳይጣበቅ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ለዚያ ነው በቀላሉ የማይዋሃደው። ጥቅሉን ገዝታችሁ ራሳችሁ ፋቁት። ቶርቲያው መጥበሻ ላይ በሁለተኛው ፊቱ እያለ ቺዙን በተኑበት፣ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። አይብ ከሆነ ግን አትድከሙ። አይብ በአሲድ የረጋ ስለሆነ አይቀልጥም፣ ይሞቃል እንጂ። እሱን ከላይ ፈርፍሩት፤ ሜክሲኮዎችም የሚፈረፈር ነጭ ቺዝ ከላይ ይበትናሉ፣ አይብ ያንን ቦታ በደንብ ይሸፍናል።

ሁሉም አለበት፣ ግን ጣዕም የለውም

አብዛኛውን ጊዜ ጨው አንድ ቦታ ብቻ ገብቶ ነው። ድንች ጨው ይፈልጋል፣ እንቁላልም፣ ቦሎቄም፤ ሳልሳው ላይ የተጨመረው ጨው ድንቹን አያድነውም። ለእያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ትንሽ አድርጉ። ጨዉ ልክ ሆኖም የሆነ ነገር ከጎደለው የሎሚ ጠብታ ሞክሩ። እንቁላልና ቺዝና አቮካዶ ሁሉም ቅባት ናቸው፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር ካልነካቸው አፍ ላይ ይከብዳሉ። የድንብላል ቅጠል ከተገኘ ጥቂት ከላይ።

ሚጥሚጣ ይሆናል ወይ ለሚለው፣ አዎ፣ እንቁላሉ ላይ በጣም ቆንጆ ነው። ግን መጥበሻ ላይ አታቃጥሉት፣ ሲወርድ ነስንሱት። በርበሬ ጥሬውን ከላይ አይሆንም፤ ቦሎቄው ላይ ከሽንኩርቱ ጋር ሲቁላላ ይሻላል።

አቮካዶው ጠቆረ፣ ወይ አልበሰለም

የጠቆረው አየር አግኝቶት ነው። ሎሚ ቀቡትና ፕላስቲኩን አየር እስኪያጣ ፊቱ ላይ ለጥፉት። ያልበሰለውን ከሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት አሳድሩት። ለዛሬ ጠዋት መፍትሄ የለውም፣ ቦሎቄውን አብዙ።

ቶርቲያ የሚሸጥ ቦታ የለም፣ እቤት ስሠራ ደግሞ ቂጣ ሆነ

አዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ካልሆነ ቶርቲያ በየሱቁ አይገኝም። እቤት መሥራት ይቻላል፣ ከባድም አይደለም። 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ትንሽ ጎደል ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 60 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሞቀ ውሃ። ዘይቱን መጀመሪያ ዱቄቱ ላይ አሹት፣ ከዚያ ውሃውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ለስላሳ ሊጥ መሆን አለበት። ስምንት ድቡልቡል አድርጋችሁ ሸፍኑና 30 ደቂቃ ይረፍ።

ሊጡ ስትዳምጡት ተመልሶ ከተኮማተረ በቂ እረፍት አላገኘም፤ ሊጡን የሚያያይዘው ግሉተን ተወጥሯል። አትታገሉት። ሸፍናችሁ ሌላ 15 ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ራሱ ይታዘዛል። ደርቆ ከወጣ ሲዳመጥ ዱቄት በዝቶበታል ወይም ምጣዱ አልጋለም። ወፍሮ ቂጣ ከሆነ ደግሞ ገና ዳምጡት፤ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ትንሽ እስኪታይ መሳሳት አለበት፣ ምጣድ ላይ ሲወጣ ስለሚነፋ ይወፍራል። በያንዳንዱ ፊት ከ30 እስከ 40 ሰከንድ፣ በጋለ ምጣድ። ከዚያ ያው ፎጣው ውስጥ።

የበቆሎ ዱቄት ከወፍጮ ቤት አምጥታችሁ ቶርቲያ ለመሥራት ስትሞክሩ ከተፈረካከሰባችሁ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። የሜክሲኮ የበቆሎ ቶርቲያ የሚሠራው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ፣ ታጥቦ ከተፈጨ በቆሎ ነው። ኖራው የፍሬውን ሽፋን ይፈታዋል፣ ሊጡ እርስ በርሱ እንዲያያዝም ያደርጋል። ያልታከመ የበቆሎ ዱቄት ያ መያያዣ የለውም። ውጭ አገር ያላችሁ ማሳ አሪና የሚል ዱቄት ፈልጉ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። እዚህ ያላችሁ ደግሞ ግማሽ በቆሎ ግማሽ ስንዴ አድርጉና በፈላ ውሃ አቡኩት፣ ይይዛል። የግንባታ ኖራ ግን በፍጹም ምግብ ውስጥ አይግባ።

ሥጋ የለበትም ብለን በላን፣ ለካ አለበት

የሚደበቅበት ቦታ ሁለት ነው። በባህላዊው አሠራር የተጨፈለቀ ቦሎቄ በአሳማ ስብ ይጠበሳል፣ የስንዴ ቶርቲያም ሊጡ በአሳማ ስብ ሊታሽ ይችላል። በጣሳና በፓኬት የሚሸጡትም አንዳንዶቹ እንደዚያው ናቸው። ጀርባውን አንብቡ፤ ላርድ የሚል ካያችሁ የአሳማ ስብ ነው። ምግብ ቤት ከሆነ ቦሎቄው በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ፣ «ሥጋ አለው?» ብትሉ «የለውም» ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ስቡን እንደ ሥጋ ላይቆጥሩት ይችላሉና። ቬጀቴሪያን ለሆነ ብቻ ሳይሆን አሳማ ለማይበላ ሁሉ፣ ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በጾም ቀን እንቁላልና ቺዙ ይወጣሉ። ያኔ ሥራውን ቦሎቄና ድንች ይሸከማሉ፣ አቮካዶው ቅባቱን ይሰጣል። ድንቹ ላይ እርድና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩበት። ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ የምትጠቀሙ ከሆነ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከባድ ነገር ጭናችሁበት 15 ደቂቃ ይጨመቅ፣ ያው ያ የውሃ ጉዳይ ነው። ቅቤ የለመደ እጅ ድንቹን በዘይት መጥበሱን እንዳይረሳ፣ የቶርቲያው ፓኬት ላይም የወተት ዱቄት መኖር አለመኖሩ ይታይ።

ጠዋት ጊዜ አይበቃም

ጊዜ የሚበላው ድንቹና መክተፉ ነው። ድንች፣ ቦሎቄና የተቁላላ ሽንኩርት ማታ ተሠርተው ፍሪጅ ከገቡ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያሉ፤ ከተሠሩ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግቡ። ጠዋት የሚቀረው ቶርቲያ ማሞቅና እንቁላል ነው።

ወይም እሁድ ስምንት አሥር ሠርታችሁ ፍሪዘር አስገቡ። እዚህ ላይ የሚመጣው ችግር ሲሞቅ መርጠቡ ነው። መንስኤው ሳይበርድ መጠቅለሉ ነው፤ እንፋሎቱ ፎይሉ ውስጥ ተዘግቶ በረዶ ይሆናል፣ ሲሞቅ ውሃ ይሆናል። ውስጡ የሚገባውን ሳህን ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ በስንዴ ቶርቲያ ሙሉ፣ የበቆሎው ፍሪዘር አይወድም። እንቁላሉን ከሌላ ጊዜ ትንሽ ለስለስ አድርጉት እንጂ የሚፈስ ነገር አይኑረው፣ ሲሞቅ እንደገና ይጠነክራል። ቲማቲም፣ ሳልሳና አቮካዶ አይግቡበት። አንድ በአንድ በፎይል ጠቅልላችሁ ከረጢት ውስጥ አድርጉ። ማታ ወደ ፍሪጅ ብታወርዱት ጠዋት ፎይሉን ሙሉ በሙሉ አውልቃችሁ፣ ፎይል ማይክሮዌቭ አይገባምና፣ በእርጥብ የወረቀት ፎጣ ጠቅልላችሁ ከ1 ደቂቃ እስከ 1 ደቂቃ ተኩል አሙቁት፣ መሃል ላይ አንዴ ገልብጡት። መሃሉ እንፋሎት ካላወጣ ጨምሩለት፤ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 74 ዲግሪ ይይ። ከዚያ ጋለ ያለ መጥበሻ ላይ በሁለቱም ፊት 20 ሰከንድ ብታሳርፉት ላዩ ይደርቃል፣ ሳልሳውንና አቮካዶውን ጨምራችሁ ይዛችሁ ውጡ።